በወይራ የታጠኑ ጠርሙሶች

"የተማረ ይግደለኝ" የሚል ሰው በሰማሁ ቁጥር፣ "ኧረ ቀስ በል፣ ይሰሙሃል!" ማለት ያምረኛል። አንባቢዎቼ፣ ይህን የምለው የሰው ወሬ ይዤ አይደለም። እኔ ራሴ የተማርኩ ነኝ፤ የገደልኩትንም አውቀዋለሁ።

ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። መካነ ሰላም ተወልጄ አድጌ፣ በኬሚስትሪ ተመርቄ ወደዚያው የተመለስኩ፣ ግን ከተማዋ የማትመጥነኝ የሚመስለኝ ሰው ነበርኩ። ነጭ ጋወኔን ለብሼ በገበያ መሃል አልፍ ነበር፤ ጋወን ለገበያ ምን እንደሚሠራ የጠየቀኝ አልነበረም። እናቴ "ሽሮው ጨው አንሶታል እንዴ?" ስትለኝ "ሶዲየም ክሎራይድ" ብዬ የማርም ጉድ ነበርኩ። ምስኪን፣ ጨው ትጨምርልኝ ነበር።

በዚያ ዓመት ከአዲስ አበባ የመጡ አጥኚዎች ናሙና ሰብሳቢ አድርገው ቀጠሩኝ። የሚያጠኑት ነገር ሲነገር ቀላል ነው። ረግረግ ላይ ሣር ይበቅላል፣ ይሞታል። ውሃ ስለተኛበት ግን እንደ ሌላ ቦታ ፈጥኖ በስብሶ አያልቅም፤ በላይ በላዩ እየተደራረበ፣ ከቅድመ አያቶቻችን በፊት ጀምሮ የተከማቸ ጥቁር ጭቃ ይሆናል። ውሃው ከዚያ ጭቃ ጥቂት ጥቂቱን እያሟሟ ይወስዳል። ሻይ ማለት ነው፤ ቅጠሉን ብታጠልሉት እንኳ ቀለሙ ከውሃው ጋር ይቀራል። በሞቃቱ የምድር ክፍል ከሰፋፊ ረግረጎች የሚወጡ ወንዞች ቡና መስለው እስከ ባሕር የሚወርዱት ለዚህ ነው። ከሟሟው ካርቦን ከፊሉ በመንገድ ወደ አየር ይመለሳል፣ ከፊሉ ውቅያኖስ ይገባል። ረግረጉን በቦይ ያደረቁት እንደሆነ ደግሞ ለዘመናት ተኝቶ የኖረው ሁሉ ይነሣና ጉዞ ይጀምራል።

የእኛይቱ ከነዚያ ጋር ስትተያይ አንዲት ጭልፋ ናት። ከመካነ ሰላም በስተምዕራብ፣ አገሩ ወደ አባይ በረሃ ቁልቁል ከመወርወሩ በፊት ባለው ደጋ ላይ የተኛች ጨፌ ናት፤ ሰዉ ጥቁሬ ይላታል። ከእሷ የሚወጣው ጅረት አባይ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ሱዳንን፣ ግብፅን ብሎ ባሕር ድረስ መንገዱ የታወቀ ነው። ከጥቁሬ በታች ያሉ መንደሮች በበጋ የሚጠጡትና ከብት የሚያጠጡት እሷ ከክረምት ይዛ ከምታቆየው ውሃ ነው። ይህችን ጨፌ አድርቆ ለሥራ አጥ ወጣቶች ለማከፋፈል ቦይ ተጀምሮ ነበር። አንድ ጥግ ከተቆፈረ በኋላ "ጥናቱ ይታይ" ተብሎ ቆመ። ለረቡዕ ከሰዓት በኋላ መካነ ሰላም ላይ ስብሰባ ተጠራ። ቦዩ ረግረጉን እያሟሟ እየወሰደ መሆኑን በዚያ ስብሰባ ላይ ካሳየሁ ቁፋሮው ይቆማል፤ ካላሳየሁ ሐሙስ ይቀጥላል። ነገሩ ሁሉ በእኔ ስድስት ጠርሙሶች ላይ ነበር ማለት ነው። ይህን ሳስበው ደረቴ ይነፋ ነበር እንጂ አልፈራሁም።

ማክሰኞ በበቅሎ ጥቁሬ ደረስኩ። የተቀበሉኝ የደብሩ የቅኔ መምህር የኔታ ልሳነወርቅ ነበሩ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀለም በጥብጠው ብራና የሚጽፉ፣ ቀጭንና ቀጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። የማድረው እሳቸው ቤት ስለነበር ሥራዬን ሊያዩ ቦዩ ድረስ ተከትለውኝ መጡ።

ጠርሙሶቼ ብርሃን እንዳይገባባቸው የጠቆሩ፣ እንደ መድኃኒት ጠርሙስ ያሉ ናቸው። ደንቡ፣ ሌላ ውሃ ቀርቶ እንዳይቀላቀል፣ ጠርሙሱን በሚቀዳው ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቆ መሙላት ነው። ቁጭ ብዬ በዚያ ቡናማ ውሃ ሳለቀልቅ የኔታ ጎንበስ ብለው አዩኝ።

"ልጄ፣ በዚያው ጉድፍ ነው እንዴ የምታጥበው?"

"ደንቡ ነው።"

"የማን ደንብ?"

ውሃውን በስስ ማጥለያ እየገፋሁ ስድስቱንም ጠርሙስ ሞላሁ፤ ተጠልሎም ቡናማ ነው።

"ምን ልታደርገው ነው?" አሉ።

"ለምርመራ።"

"መጥቆሩ ይታይ የለም? ምኑ ይመረመራል?"

"የሟሟ ኦርጋኒክ ካርቦን ነው፣ የኔታ። ብነግርዎትም አይገባዎትም።"

ቃል በቃል እንዲህ ነው ያልኩት። ግሥ ከነእርባታው በቃላቸው የሚያርሙ፣ አንድ ቅኔ በአንድ ማለዳ የሚቆጥሩ ሰው ናቸው፤ እኔ ደግሞ ማጥለያ የያዝኩ ሰው ነበርኩ። የኔታ ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

"የት ነው የሚሄደው?"

"መጀመሪያ ስብሰባው ላይ ይታያል። ከዚያ አዲስ አበባ። ትልልቅ ሰዎች ስለ ጥቁሬ የሚወስኑት ይህን አይተው ነው።"

"ይኼን አይተው?"

"አዎ፣ ይኼን አይተው።"

"አይ!" አሉና ወደ ጨፌዋ ዞሩ። ምን እያሰቡ እንደሆነ መጠየቅ ይቻል ነበር። ግን እኔ ለመጠየቅ አልተቀጠርኩም።

ረቡዕ ጠዋት ስነቃ ፀሐይ ወጥቷል። የኔታ ከኪዳን ተመልሰው በር ላይ ቆመዋል፤ የጠርሙሶቹ ሣጥን ተዘግቶ በቅሎዋ ላይ ተጭኗል።

"እኔና ባለቤቴ አሰናድተንልሃል። አብሽር፣ የሚያሳፍርህ ነገር የለም" አሉኝ።

መጫናቸውን ነው የሚሉት ብዬ አመሰገንኩ። ሲበዛ ደግ ናቸው፣ ግን ነገር አይገባቸውም፣ እያልኩ በበቅሎ ላይ ሆኜ አዘንኩላቸው። እስቲ ፍረዱ፣ እኔ ለእሳቸው ማዘኔን!

የስብሰባው አዳራሽ በሰው ተሞልቷል። ከፊት ለፊት "ውሃ ሕይወት ነው" የሚል ባነር ተሰቅሏል፤ በባነሩ ሥር በየጠረጴዛው የታሸገ ውሃ ተደርድሯል። መድረኩን የያዙት የቦዩ ሥራ ኃላፊ አቶ ሞላልኝ ናቸው። ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ውሃ ሲወቀጥ ቆየ፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ እንደሚባለው፣ ካልሲዬ ድረስ የረጠብኩ መሰለኝ። በመጨረሻ እኔን ጠሩኝ።

ለዚች ቀን ስል ጋወኔን ለብሻለሁ። በአንድ ትንፋሽ ስለ ካርቦን፣ ስለ ውቅያኖስ፣ ስለ ሙቀት ተናገርኩ። ሰዉ ማዛጋት ሲጀምር፣ "አሁን በዓይናችሁ ታያላችሁ" ብዬ ከቦዩ የቀዳሁትን ጠርሙስ ከፈትኩና ከፍ አድርጌ ብርጭቆ ውስጥ ቀዳሁ።

ውሃው ፍጹም ጥርት ያለ ነበር። በብርጭቆው ውስጥ የአቶ ሞላልኝ ክራቫት ከነነጠብጣቡ ይታያል።

"የቱ ነው ጥቁሩ?" አሉ አቶ ሞላልኝ።

"ይቅርታ፣ ይኼኛው አይደለም።" ሁለተኛውን ከፈትኩ። ሦስተኛውን። ስድስቱንም ቀዳሁ። ስድስቱም ከታሸገው ውሃ ይጠራሉ። ከኋላ አንዱ ሳቀ፤ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ።

አቶ ሞላልኝ አንዱን ብርጭቆ አነሡና አሸተቱት፤ ጠጡት ደግሞ! ከንፈራቸውን ጠረጉ። "ወይራ ወይራ ይላል እንጂ ውሃስ ግሩም ነው። ታዲያ ቦዩ ውሃ አጠራልን እንጂ ምን አጠፋ? ባለሙያው ምን ይላሉ?"

"አላውቅም" ማለት እችል ነበር። አምስት ፊደል ነው። ግን ጋወን ለብሼ "አላውቅም" እንዴት ይባላል? "ቀለሙ በጉዞ ላይ ጠፍቶ ይሆናል" አልኩ። በገዛ አፌ፣ የጥቁሬ ጥቁረት በአንድ ሌሊት ለቅቆ የሚጠፋ ነገር ነው አልኩ። ቃለ ጉባዔ ያዡ ጻፈው፤ ቁፋሮው ሐሙስ እንዲቀጥል ተወሰነ።

ሐሙስ ከቤት አልወጣሁም። የኔታ ዘንድ ሄዶ "ጠርሙሶቼን የነካ አለ ወይ?" ብሎ መጠየቅ የማንም አእምሮ የሚደርስበት ነገር ነው፤ የእኔ አልደረሰበትም። ይልቅ ቁጭ ብዬ ቀለሙ ለምን እንደጠፋ ሦስት ገጽ ማብራሪያ ለአጥኚዎቹ ጻፍኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ድንቁርና ጽፌ አላውቅም፤ ሠንጠረዥ ሁሉ ነበረው። እኔ ሠንጠረዥ ሳሰምር እዚያ ማዶ ዶማ እየተነሣ ይወርድ ነበር።

አርብ ጠዋት እናቴ ባዶዎቹን ጠርሙሶች አይታ አንዱን አነሣች። አፍንጫዋ ሥር አድርጋ ሳበችው።

"የማን ወተት ነው ያመጣህልኝ?"

"ወተት አይደለም፣ የናሙና ጠርሙስ ነው።"

"የምን ናሙና? በወይራ ታጥኖ የለም እንዴ? እንግዳ የሚያከብር ሰው ነው እንዲህ አድርጎ የሚያጥን።"

ጠርሙሱን ነጥቄ አሸተትኩ። እውነቷን ነበር። የወተት ቅል የሚታጠንበት የወይራ ጭስ፣ ካርቦን ሊለካባቸው በታሰቡ ጠርሙሶች ውስጥ! ረቡዕ አቶ ሞላልኝ በአንድ ጉንጭ ያወቁትን እኔ በሁለት ቀን አልደረስኩበትም። ሦስቱን ገጽ ግን ልኬው ነበር።

ጥቁሬ ስደርስ ከሰዓት በኋላ ሆኗል። እስከ ረቡዕ በአንድ ጥግ የነበረው ቦይ የጨፌዋን ሆድ ለሁለት ሰንጥቆ መሃል ደርሷል። በውስጡ የሚወርደው ውሃ ማክሰኞ ካየሁት ይልቅ ጠቁሯል፤ ዳርና ዳሩ የተቆረጠው ጥቁር ጭቃ ላይ የጥንት ሣር ሥር ፀጉር መስሎ ተንጠልጥሏል። ቆፋሪዎቹ ዶማቸውን እያጠቡ ነበር፤ ቅዳሜና እሑድ ሰንበት ስለሆነ መሬት አይቆፈርም። ሰኞ ሊጨርሱት ነው።

የኔታ ከደጃቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

"እንዴት ሆነ? ወደዱት?"

"የኔታ፣ ጠርሙሶቼን ምን አደረጓቸው?"

"ምን አደርጋለሁ? በዚያ ጉድፍ ነበር ያጠብካቸው። እኔ ደፋሁና በአመድ አሸኋቸው፣ ባለቤቴ በወይራ አጠነቻቸው። ከላይ ካለው ምንጭ ደግሞ በማለዳ ሄጄ ሞላሁልህ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለም?"

"ለምን?" ጮኽኩባቸው፤ ዛሬም ያሳፍረኛል። "ለምን እንዲህ ያደርጋሉ?"

ተነሡ። "አንተው ነህ እኮ የነገርከኝ! ትልልቅ ሰዎች አይተው ስለ ጥቁሬ ይወስናሉ አልክ። አተላ የመሰለ ውሃ ቢያዩ፣ 'ይህስ የቆሻሻ ጉድጓድ ነው፣ ይድረቅ' አይሉም? የአገሬን ገመና በጠርሙስ አሽጌ ልስደድ? ንጹሕ ውሃ ቢያዩ ያዝኑላታል፣ ይተዋታል ብዬ ነው። ምነው? አልተዋትም?"

ወደ ቦዩ አየሁ። እሳቸውም አዩ። ሐሙስና አርብ ቆፋሪዎቹ ሲመጡ "ጥቂት ጊዜ ነው፣ ውሃውን ሲያዩ ያስቆሟቸዋል" እያሉ ሰዉን ሲያጽናኑ እንደዋሉ በኋላ ነው የሰማሁት።

ድንጋዩ ላይ ቁጭ አልኩ። ከዚያ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የማውቀውን ነገር በሰው ቋንቋ ተናገርኩ። ሣሩ ሳይበሰብስ እንደሚከማች፣ ውሃው እያሟሟ እንደሚወስደው፣ ማጥለያ እንደማይዘው ነገርኳቸው።

"ቀለም ነው በለኛ!" አሉ አቋርጠውኝ። "ጥሩ ቀለም አይዘቅጥም። የዘቀጠማ ጭቃ ነው። ታዲያ ይህ ከሆነ ውሃውን ብታነጥፈው ቀለሙ ይቀራል። ቢቀር ደግሞ፣ የሣር ከሆነ ይነዳል፤ የአፈር ከሆነ አይነድም።"

አያችሁ? አይገባዎትም ያልኩት ነገር ከገባቸው አልፎ መመርመሪያውንም ራሳቸው አወጡለት። ማክሰኞ ይህን ያህል ብናገር ኖሮ ሁለት ቀን ቁፋሮ በቀረ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ምእመናኑ ሰንበቴ ቤት ተሰበሰቡ፤ ዳቦውና ጠላው ቀርቦ ሰው ሰዓታት የሚቀመጥበት ቦታ ነው። የኔታ ከደጁ ሁለት ጎላ አስጣዱ። አንዱ የምንጭ ውሃ ነው፣ አንዱ የቦዩ። "ቀስ ብሎ ይነጠፍ፤ እኛም ቀስ ብለን እንጠጣ" አሉ። አቶ ሞላልኝም የሰኞውን ቆፋሪ ሊያዘጋጁ መጥተው ነበርና ተጋብዘው ተቀመጡ፤ ሰንበቴ የመጣ ሰው አይመለስም።

ውሃው እስኪነጠፍ ጠብቀን ጠብቀን ሰዓታት ሄዱ። እኔ በየአፍታው እየወጣሁ አያለሁ። የኔታ የተሳሳቱ እንደሆነ ሰኞ ጥቁሬ የለችም፤ ውሳኔ በሽማግሌ ጎላ ላይ ሲንጠለጠል ያለ እኔ የሚጨነቅ የለም። በመጨረሻ ጠሩን። ከምንጩ ውሃ ጎላ ሥር ነጭ ብናኝ ተገኘ። ከቦዩ ጎላ ሥር ግን እንደ ቡና አተላ ያለ ጥቁር ቅርፊት ተጣብቋል። የኔታ በቢላዋ ፋቁና ሁለቱን በሁለት ገል አድርገው ፍም ላይ አኖሩ። ነጩ ዝም አለ። ጥቁሩ ጨሰ፣ ዳር ዳሩ ቀላ፤ ገለባ ሲቃጠል የሚሸተው ሽታ ደጁን ሞላው።

የኔታ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። "መሬት ይሰጣችኋል የተባላችሁ ልጆች፣ ቅረቡና እዩ። መሬታችሁ ይኼውላችሁ። ቦዩ እያሟሟ ለአባይ እየሰጠው ነው፤ አባይ ለባሕር ይሰጠዋል።"

"ደርቆ ስንዴ አይበቅልበትም እንዴ?" አለ አንዱ ወጣት።

"የደረቀው እንዲህ ይሆናል" አሉ፣ ገሉን እያመለከቱ።

አቶ ሞላልኝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ይህ ሳይንሳዊ አይደለም። ይህን መናገር ያለባቸው ባለሙያው ናቸው። ባለሙያው ረቡዕ ያሉት በቃለ ጉባዔ ተይዟል።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ተነሣሁ። ጋወኔን አልለበስኩም ነበር። "ረቡዕ የተናገርኩት ውሸት ነው። ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ አላውቅም ማለት አፍሬ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ የነበረው የምንጭ ውሃ ነው። ጥፋቱም የየኔታ አይደለም፣ የኔ ነው። ሲጠይቁኝ አይገባዎትም አልኳቸው።"

አንዳች ጉርምርምታ በሰዉ መሃል አለፈ። አንዲት ሴት "ወይኔ፣ የኔታን!" አለች። ከተሳቀብኝ ሳቅ ሁሉ ይልቅ ያችን ቃል እስካሁን እሰማታለሁ።

ሰኞ የሚቆፍር ሰው ጠፋ። ዶማ ይዘው የመጡት ቦዩን ሊደፍኑ ነው፤ መሬት ይገባችኋል የተባሉት ወጣቶችም ነበሩበት። አቶ ሞላልኝ ጥቂት ጊዜ በስልክ ጮኹ፤ ቆፋሪ የሌለው ቦይ ግን በስልክ አይቆፈርም። ናሙናውን እንደገና ቀድቼ ላክሁ፤ ሦስት ገጼንም በአንድ መስመር ሻርኩት። የአጥኚዎቹ ልኬት የደረሰን ከብዙ ወራት በኋላ ነው፤ የኔታ በገል ያሳዩትን ነው በቁጥር የነገረን።

አንባቢዎቼ፣ እዚህ ላይ ባቆም ደስ ይለኝ ነበር፤ ጥሩ ታሪክ ይመስላልና። ግን አላበቃም። አስቀድሞ በጥጉ የተቆፈረው ተደፍኖ ዛሬ ቄጠማ በቅሎበታል፤ ቦታውን መለየት አይቻልም። የሐሙስና የአርቡ ግን የጨፌዋን ሆድ የቀደደ ስለሆነ መድፈኛው አልያዘም። በየክረምቱ ጎርፍ ይከፍተዋል፣ በየመስከረሙ ሰዉ ሣርና ግንድ ተሸክሞ ይደፍነዋል። እኔም ሄጄ እሸከማለሁ፤ ውለታ መስሏችሁ እንዳታመሰግኑኝ።

ዛሬ የሚጠይቀኝ ሰው ሲኖር እመልሳለሁ። ነገሩ ካልገባው የጎደለው የእኔ ማስረዳት ነው ብዬ እንደገና እጀምራለሁ። እንደ እኔ ያላችሁ፣ በአንድ ወረቀት የተነፋችሁ ሁሉ፣ ከዚህ ካልተማራችሁ እንደ እኔ በቦይ ትማራላችሁ።

በእኛ አገር ለሠራ ሰው ስሙ በቦታ ይቀርለታል። ምንጭ ያጎለበተ በምንጩ፣ ዛፍ የተከለ በዛፉ ይጠራል። እኔም አልቀረብኝም። ባለፈው ክረምት አንድ የማላውቀው መንገደኛ ከጨፌዋ ዳር አግኝቶኝ፣ ማን እንደሆንኩ ሳያውቅ፣ በቅሎዬን በየት በኩል ማሻገር እንዳለብኝ አሳየኝ።

"በዚያ በኩል እንዳታልፍ፣ መሬቱ ከድቷል" አለኝ። "የደምሰው ቦይ ነው።"

ደምሰው እኔ ነኝ።